በስልክ የተገኘች አክስት

የምስክር ቃል
ስም፦ ወ/ሮ ኖሉቫዮ ምቦቶ
ዕድሜ፦ 58
አድራሻ፦ ምዳንትሳኔ፣ ኢስት ለንደን፣ ደቡብ አፍሪካ
ቀን፦ ነሐሴ 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ቡሌላኒ ኞንጎ

የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ በመሆናቸው የተጨነቁ ሰዎች በሚደውሉበት የምክር ስልክ ላይ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ራሴም እንደኔው ሴት ከሆነችው ባለቤቴ ከኖዚዝዌ ጋር ስለምኖር ጭንቀቱን አውቀዋለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ የተነሳው ጉም ከተማውን ውጦት ሳለ ስልኩ ጮኸ። ከደዋዩ በኩል መጀመሪያ የሚሰማኝ የባሕሩ ሞገድ ብቻ ነበር። ጉሙ በመስኮቴ ይሁን በስልኩ ውስጥ እስኪምታታብኝ ድረስ አዳመጥኩ። ቆይቶ ስሙ ሲቪዌ እንደሆነ፣ ወንድ በማፍቀሩ አባቱ ከቤት እንዳባረረውና የጎሳውን ስም ዳግመኛ እንዳይጠራ እንደከለከለው ነገረኝ። በእኛ ሥራ ዙሪያ ጥምጥም አይኬድምና ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ ጠየቅሁት። አዎ አለኝ። በጣም ፈራሁ።

የደዋይን ዘር መጠየቅ በደንባችን ክልክል ነው። አፌ ግን አልታዘዘኝም፤ የተከለከለው ስም የትኛው እንደሆነ ጠየቅሁት። ጋትየኒ አለ፣ በሹክሹክታ። እኛ የኮሳ ሕዝብ የጎሳ ስም ከተጋራን ባንተዋወቅም ሥጋ ነን፤ የተከፋን ሰው የምናባብለውም የአያቶቹን ስም እየጠራን ነው። የእኔም አባት ጋትየኒ ናቸው።

«እንግዲያውስ የአባትህ እህት ነኝ። እሱን የምቆጣው እኔ ነኝ፤ አንተ አርፈህ ተቀመጥ» አልኩት።

«አክስቴ፣ አታውቂኝም እኮ።»

«ይኸው ተዋወቅን። ከውሃው ራቅ በልና ያለህበትን ንገረኝ።»

ጋትየኒ፣ ማማሊ፣ ንዶንዴላ እያልኩ አያቶቻችንን ስጠራለት አለቀሰ፤ ድምፁም ከሕልም እንደሚነቃ ሰው እየቀረበኝ መጣ። ባሕሩ ዳር ለመርከቦች የሚያበራው የመብራት ማማ ሥር ነኝ አለ። በሌላ ስልክ ፖሊስ ጠራሁ፤ ምኑ ነሽ ስባልም አክስቱ ነኝ አልኩ። ፖሊሶቹ ደርሰው ሲያናግሩት እስክሰማ ድረስ መጥራቴን አላቋረጥኩም።

አባቱ ዛሬ ጣቢያ ቀርበው እንዲህ ያለች እህት የለችኝም፣ ለፖሊስ ዋሽታለች ማለታቸው ተነግሮኛል። ወደዚህ ስገባ ኮሪደሩ ላይ ከሲቪዌ ጋር ተቀምጠው አግኝቻቸው ጎሳቸውን ጠየቅኋቸው። «ጋትየኒ» አሉ። «ታዲያ ልጃችን ዛሬ የት ይደር?» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲቪዌ ግን ከአጠገባቸው ተነስቶ መጣና ቦርሳዬን ያዘልኝ። ማታ ወደ ቤቴ እወስደዋለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ከላይ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ አክስቱ መሆኔም ጭምር።

የምስክር ፊርማ፦ ኖሉቫዮ ምቦቶ
የመርማሪ ፊርማ፦ ሳጅን ቡሌላኒ ኞንጎ