አቡጀዲው ሳይገፈፍ

በኅዳር ወር፣ ዝናባማ በሆነ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ኬንታኪ ውስጥ በአንድ የትምባሆ ማድረቂያ ጎተራ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ባለጎተራው አቶ ቨርሊን ስታምፐር፣ የአሥራ ስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ሜይሊ፣ እና የእሷ መምህር ዴንቨር ራትሊፍ። መምህሩ ሊጠይቃቸው አልመጣም። የመኪናው ጎማ በራቸው ላይ ተንፍሶበት ክሪክ ሊዋስ ነው የገባው።

አቶ ቨርሊን ክሪኩን በአገጫቸው አሳዩት እንጂ እጃቸው ሥራ አልፈታም። የደረቀ ትምባሆ ቅጠሉ ከአገዳው የሚገነጠለው ዝናብ ሲያለሰልሰው ነው፤ ፀሐይ ከወጣ ይፈረፈራል። ሜይሊ ከጎናቸው ቆማ ትገነጥላለች። መምህሯን ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም።

ምክንያቱን ሦስቱም ያውቁታል። ሜይሊ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች አንድ የኮሌጅ ኮርስ ጀምራለች፤ ስታቲስቲክስ ነው። ብታልፍ በሁለተኛ ደረጃውም በኮሌጁም ይቆጠርላት ነበር። የመጀመሪያውን ፈተና ግን ወደቀች። ማቋረጥ የሚቻለው እስከ ዓርብ ቀትር ነው፤ አያቷ የፈረሙበት የማቋረጫ ቅጽም በደረት ኪሳቸው ተቀምጧል።

ዴንቨር ክሪኩን እንደያዘ ቆመ። "አቶ ስታምፐር፣ ያን ወረቀት ባይልኩት ደስ ይለኛል" አለ።

"የኦፓል ልጅ፣ የመጣኸው ክሪክ ልትዋስ ነው ወይስ ሠራተኛዬን ልትወስድ?" አሉ አቶ ቨርሊን፤ የዴንቨርን እናት ከድሮ ያውቋታል።

አቶ ቨርሊን ከስምንተኛ ክፍል ወጥተው ዕድሜያቸውን በትምባሆ የጨረሱ ሰው ናቸው። ትምህርት አይጠሉም፤ ችኮላ ነው የሚጠሉት። ኮሌጁ የትም አይሄድ፣ ልጅቷን ምን አስቸኮላት አሉ። ደግሞ ኮርሱን ብትወድቅ ውጤቱ ከኮሌጁ መዝገብ እንደማይፋቅ ሰምተዋል።

መምህሩ ይህን አላስተባበለም። አይፋቅም አለ፤ ፈተናውን መውደቋ ግን የእሷ ብቻ ጥፋት እንዳልሆነ ነገራቸው። "ለተማሪዎቹ ወንበሩን ሰጥተን ዞር አልን። ከእንግዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት አብሬያቸው እቀመጣለሁ።"

"ታዲያ በነዚያ ቀናት ይሄን ማን ይገነጥላል?" አሉና የተንጠለጠለውን ትምባሆ በእጃቸው አሳዩት። "ስማ ልጄ፣ ያለጊዜው የወጣ ችግኝ ውርጭ ይበላዋል። መደቡ ሙሉ ጠቁሮ ሲያድር በዓይኔ አይቻለሁ።"

ሜይሊ ያን ጊዜ ቅጠሉን አስቀመጠች።

"ፓፓው" አለች አያቷን፤ "ያን ዓመት መቼ ነበር የዘራኸው?"

"በየካቲት ነዋ። እንደ ሁልጊዜው።"

"በረዶው እያለ?"

"መደቡ አቡጀዲ ይለብሳል እኮ።"

"ታዲያ ውርጩ ለምን በላው?"

ታሪኩን ለቤተሰቡ ደጋግመው ያወሩት ራሳቸው አቶ ቨርሊን ናቸው። በሚያዝያ አየሩ ለሁለት ቀን ቢሞቅ፣ ጎረቤቶቻቸውን ለመቅደም ብለው አቡጀዲውን ከመደቡ ላይ ገፈፉት፤ በዚያው ሌሊት ውርጭ ወረደ። ጥፋቱ አስቀድሞ መዝራቱ አልነበረም።

"እኔንም ሳያለብሱ ነው የዘሩኝ" አለች ሜይሊ። "አሁን ሊያለብሱኝ ሲመጡ አንተ ነቅለህ አትጣለኝ።"

እውነቷን ነው። ለጋ ተማሪ ከባድ ትምህርት ስለጀመረ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ብቻውን ሲተው ነው። አጠገቡ የሚቀመጥ መምህርና ጊዜ የሚሰጠው ቤተሰብ ካለው ግን የኮሌጁን ግማሽ መንገድ ከቤቱ ሳይርቅ ይጨርሳል፤ ነገ ኮሌጅ ሲገባም እንደ እንግዳ አይደናበርም።

አቶ ቨርሊን ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ለሜይሊ ሰጧት። "አንቺው ቅደጂው" አሉ። ወደ መምህሩም ዞሩ። "ማክሰኞና ሐሙስ የአንተ ናት። ቅዳሜ ግን አንተ የእኔ ነህ። ያ ለስላሳ እጅህ ቅጠል በየዓይነቱ ሲለይ እናያለን።"

"ቅጠል መለየት አላውቅም" አለ ዴንቨር።

"እሷም ስታቲስቲክስ ገና አታውቅም።"

ዓርብ ቀትር አለፈ፤ ቅጹ አልገባም። ዴንቨር አራት ቅዳሜ መጥቶ የላዩን ቅጠል ከታችኛው ሲቀላቅል ዋለ፤ አቶ ቨርሊንም እያረሙ አስተማሩት። ሜይሊ በታኅሣሥ ስታቲስቲክስን በሲ ውጤት አለፈች፤ በጥር ሁለተኛውን ኮርስ ጀመረች።