የአባት ጉጠት

ኦቦ ጉተማን ከሁሩታ ወደ አዳማ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ያገኘኋቸው ሳላስበው ነው። የከተማችን ቀጥቃጭ ናቸው፤ የአካባቢው ገበሬ ማረሻውን የሚያስመታው በእሳቸው እጅ ነው። እኔ ለማስተምርበት ትምህርት ቤት ዕቃ ልገዛ እየሄድኩ ነበር። እሳቸው በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ጭናቸው ላይ አድርገው ተክዘዋል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?»

«ፈያ፣ መምህር። እኔስ ደህና ነኝ፤ እሳቴ ነው የጠፋው።»

ጆንያውን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ከአንድ ማረሻ ጎን የጋለ ብረት ከእሳት የሚያወጡበት ጉጠት አለ፤ አንዱ መንጋጋው ተሰንጥቋል። ባለፈው ሳምንት የቀላ ማረሻ ይዘው ሲዞሩ ብረቱ አመለጠና ወናፍ ወደሚነፉት ባለቤታቸው፣ ወደ አዴ እልፍነሽ ተወረወረ። የቀሚሳቸውን ጫፍ አቃጥሎ እግራቸው አጠገብ ወደቀ።

«ያንን ጉጠት ይዘህ ከተመለስክ ወናፉን ራስህ ንፋ ብላኝ ወጣች» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት አብረን ሠርተናል። ያለ እሷ እሳቱ አይነድልኝም፤ የእርሻው ጊዜ ደግሞ ደርሷል።»

«ታዲያ አዲስ አይሠሩም?»

«የአባቴ ነው» አሉና ጆንያውን መልሰው ጠቀለሉት።

አዳማ ስንደርስ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ የብየዳ ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። በያጇ ሌንሳ የምትባል፣ በሙያ ኮሌጅ የተማረች ወጣት ናት። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ጉጠቱን አገላበጠችው።

«አባባ፣ ይሄ ስንት ጊዜ ተበየደ?»

«ሦስቴ። አራተኛውን አንቺ ትጨምሪያለሽ።»

«አልጨምርም።»

«ሥራ አትፈልጊም እንዴ?»

«እፈልጋለሁ። ግን መንጋጋው ሳስቷል። እሳት ውስጥ ሲገባ ሲወጣ እንደገና ይሰነጠቃል።»

የደረሰውን እኔው ነገርኳት። ሰምታኝ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«በሚቀጥለው ጊዜ በቀሚስ ብቻ ላይቀር ይችላል፣ አባባ። ሌላ እንሥራ፤ ሁለት ጠፍጣፋ ብረትና ሁለት ቁራጭ ፌሮ ይበቃናል።»

«ስሚኝ ልጄ። በእኛ ቤት ቀጥቃጭ ጉጠቱን ከአባቱ ይቀበላል እንጂ ራሱ አይሠራም። የሠራ እንደሆነ አባት የለኝም እንዳለ ነው። አባቴ ከአባቱ ተቀበለ፤ እኔ ከአባቴ።»

«የሰው ሁሉ መሣሪያ እየሠሩ የራስዎን አይሠሩም?»

«አልሠራም።»

«አዴ እልፍነሽስ?»

ጉጠቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ኦቦ ጉተማ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሚስታቸውንም ይወዳሉ። ግን አባትን ማክበር ማለት የአባትን ዕቃ እስኪገድል ድረስ መያዝ መስሏቸዋል። በዚህ የሚሳሳቱት እሳቸው ብቻ አይደሉም።

«እሺ፣ እበይደዋለሁ» አለች ሌንሳ እንደማይለወጡ አይታ። «ግን ማጥበቂያው ሞርሳ በደንብ እንዲይዘው እጀታው ላይ ያለው ጠፍር ይፈታ።»

«አባቴ ያሰረው ነው። ፈትቼው አላውቅም።»

«መልሰን እናስረዋለን።»

ራሳቸው ፈቱት። የደረቀው ጠፍር እየተሰባበረ ወረደ። ከሥሩ የወጣው ብረት ለስላሳ አልነበረም፤ ዙሪያውን በእኩል ርቀት ሸንተረር አለው። ሌንሳ ጣቷን አሳለፈችበት።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ፌሮ ነው።»

«ምን?»

«ለቤት ኮለን የሚታሰረው ፌሮ። በአያትዎ ጊዜ ሁሩታ ውስጥ ፌሮ ነበር?»

ሽማግሌው እጀታውን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው አገላበጡት።

«የሁሩታ ድልድይ ሲሠራ...» አሉ ቀስ ብለው። «ድልድዩ ሲሠራ አባቴ ቁርጥራጭ ብረት በጆንያ ተሸክሞ መጣ። ልጅ ነበርኩ። ምን ልታደርግበት ነው ስለው ዝም በል አለኝ።»

«ሠርተውበታል ማለት ነው።»

«ሠርቶ ደበቀብኝ፣ ሽማግሌው አባቴ!» አሉና ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «በይ፣ እኔም ልጁ ነኝ። ፌሮሽን አምጪ።»

ሥራው ከሰዓት በኋላውን ፈጀ። ሁለቱን ጠፍጣፋ ብረቶች በስተው በአንድ ወፍራም ችንካር አጋጠሟቸው። ሌንሳ ፌሮውን እጀታ አድርጋ ከችንካሩ ኋላ በየደችው። «ብየዳው ከእሳቱ ይራቅ» አለች። ከዚያ መንጋጋውን አግለው፣ ኦቦ ጉተማ ይዘውት የመጡትን ማረሻ በመካከሉ አስገብተው፣ ልክ ማረሻውን እንዲያቅፍ ቀጠቀጡት። ሌንሳ ውሃ ውስጥ ልትነክረው ስትል ጮኹባት።

«ተይ! ውሃ ካጠጣሽው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ቀስ ብሎ ይብረድ።»

«ይሄንን እንኳ አላሰብኩትም፣ አባባ።»

«እኔም ፌሮውን አላሰብኩትም። ተካካስን።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጥረቢያዬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ሁለት አዳዲስ ጉጠቶች ተሰቅለዋል፤ ሦስተኛው እጃቸው ላይ ነው። የአባታቸው ለብቻው ከፍ ብሎ ተሰቅሏል።

«ድሮ አንድ ማረሻ አራቴ እሳት ይገባ ነበር፣ መምህር፤ እየወደቀ ይቀዘቅዛላ! አሁን በሁለቴ ያልቃል። ሁለት ራሴ ጨምሬ፣ ለጠፍጣፋው አንድ፣ ለክቡ አንድ፣ ለትንሹም አንድ አለኝ። ከሰሌም ተረፈ፣ እጄም አረፈ።»

«የኔን እግር ረሳኸው» አሉ አዴ እልፍነሽ ከወናፉ ጀርባ።

«እሱማ ከሁሉ በፊት!»

«እነዚህንስ ለማን ያወርሷቸዋል?» አልኳቸው።

«ለማንም። ሲያረጁ ቀጥቅጬ ሌላ አደርጋቸዋለሁ። ልጄ የራሱን ይሥራ። እኔ እንደ አባቴ በጠፍር አልሸፍንበትም፤ አሠራሩን አሳየዋለሁ።»

«ወሬውን ተውና ያዝ፤ ብረቱ ቀልቷል» አሉ አዴ እልፍነሽ።

ማረሻው ከፍሙ ወጣና በአዴ እልፍነሽ ፊት አለፈ። እግራቸውን አላሸሹም።