ሞተሩን መሀል ላስቀመጠው ለጋሼ ግራም

እስቲ ጸጥታ! ብርጭቆ የያዘ ይያዝ፣ ያልያዘ ከጎኑ ካለው ይካፈል። እንደምታውቁኝ እኔ ሞተረኛ ነኝ፣ የመኪና ሞተር ፈቺና ገጣሚ፤ ንግግር አያምርብኝም። በጋሼ ግራም የጡረታ ሽኝት ላይ ተናገር ብለው ያዘዙኝ አለቃችን ናቸው፣ "አጭር ይሁን" ብለውኛል። ከወዲሁ ግን ላስጠንቅቅ። አሥራ አንድ ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤ የዞርኩት አንድ ጥፋት አለ፤ ዛሬ እሱን ሳልናዘዝ አልቀመጥም። አለቃችን ከሰሙት በኋላ ነገ ጠዋት ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውዬውን ልማውና ራሴን በኋላ አጋልጣለሁ።

ጋሼ ግራም የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጣ ዕለት በር ላይ ነበርኩ። ብብቱ ሥር የሰው ሚዛን ሸጉጦ መጣ፤ ያ መንገድ ዳር ተቀምጦ አላፊ አግዳሚው የሚመዘንበት ዓይነት። ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየውና "እዚህ ግቢ የሚመዘን ሰው የለም፣ ወደ ገበያው ሂድ" አለው። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሰዉን ተወው፤ መኪኖቻችሁ ተመዝነው ያውቃሉ?" ለሥራ ቃለ መጠይቅ የመጣ ሰው ነው እንግዲህ! አለቃችን "ምን ልምድ አለዎት?" ሲሉት፣ "ከልምዴ በፊት ይቺን በር ልመዝናት" ብሎ እዚያው የቆመችውን መኪና በር ነቅሎ ሚዛን ላይ አወጣት። "ሃያ ሁለት ኪሎ! ይሄ የመኪና በር ነው የባንክ?" በዚያው ተቀጠረ። ይኸው እስከ ዛሬ የምንሠራት መኪና በር የላትም፤ ደንበኛው ዘሎ ነው የሚገባው።

እኔ ደግሞ ወግ ይድረሰው ብዬ "ጋሼ፣ ይምጡ፣ ይቀመጡ" ስለው ተቆጣኝ። "'ና' ማለት እየቻልክ 'ይምጡ' ምን ያደርግልሃል? ትርፍ ክብደት ነው!" ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ነው የምንለው። "ጋሼ"ን ግን አላስቀነሰንም፤ እሷን ይወዳታል።

ትራፓኖውን ይዞ ሲዞር ያልበሳው ነገር የለም። የፍሬን መርገጫ በሳ፣ እሺ፣ መኪና ይቀላል። የወንበር ሰፊያችንን መቀስ መያዣ መብሳት ምን ይባላል? መቀሱ እኮ መኪናው ላይ አይሄድም! ቀለም ቀቢያችን ሁለተኛ እጅ ሊቀባ ሲነሳ "አንዱን አይተነዋል፤ ሁለተኛው ለማን ነው?" ይለዋል። ቁልፉ ላይ ማንጠልጠያ ያደረገ ሰው እሱ ዘንድ ሌባ ነው። ምሳ በልተን ስንመለስ ሚዛኑን በር ላይ ዘርግቶ ይጠብቀናል። "ሦስት መቶ ግራም ጨምረሃል፤ ወይ ጫማህን አውልቅ፣ ወይ ዛሬ አትነዳም!"

ባለቤቱ እዚህ አሉ። እትዬ፣ ይመስክሩ እንጂ! ባለፈው ምን ነበር ያሉኝ? "የቁም ሳጥኔን በር ነቅሎ፣ ልብስሽን ለማየት ይቀልሻል አለኝ።" ይኸው ይስቃሉ! ከነገ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ቤት ነው የሚውለው፣ እግዜር ይርዳዎት። ትራፓኖውን እዚሁ እናስቀር ብዬ ለምኜው ነበር፤ አሻፈረኝ አለ።

አሁን ወደ ጦርነቱ ልግባ። አዲሶቹ ልጆች ይቺ ስድስት መቶ ኪሎ የማትሞላ መኪና ስትፈጠር ጀምሮ ሞተሯ መሀል የነበረ ይመስላችኋል፣ ከወንበሩ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት። የለም። አለቃችን ከፊት ይሁን አሉ፤ "ደንበኛ ኮፈኑን ሲከፍት ሞተር ማየት ይፈልጋል።" እኔ ከኋላ ጎማዎቹም አልፎ ጭራዋ ላይ ይሁን አልኩ። ሞተርና ካምቢዮ አንድ ላይ ታስረው ይገባሉ፣ ጥቂት ቡሎን ፈታ ፈታ አድርጎ ማውጣት ነው፤ ለሚጠግነው ሰው ገነት ነው። የሚጠግነው ማን ነው? እኔ! ጋሼ ግራም መሀል አለ፣ ድርቅ አለ። መጥረጊያ አምጥቶ የእንጨቱ ጫፍ ላይ ጡብ አሰረና "መሀሉን ይዘህ አዙራት" አለኝ። ባዞራት ጡቡ እኔኑ ይዞኝ ሄደ፤ ቀለም ቀቢው ላይ ልወድቅ ለትንሽ ተረፍኩ። ጡቡን ፈትቶ እጄ አጠገብ አሰረው። "አሁንስ?" "አሁንማ እንደፈለግሁ ትዞራለች።" "በቃ፣ መኪናም እንደዚሁ ናት።" እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። "የምንሠራው መኪና ነው መጥረጊያ?"

ያኔ ሞተሩ ገና አልመጣም። ከነካምቢዮው ዘጠና አራት ኪሎ መሆኑን በወረቀት ብቻ ነው የምናውቀው። ጋሼ ግራም ዓይኑን ሲያማትር ሲያማትር የመጋዘን ኃላፊያችን ላይ ዓይኑ ዐረፈ። "ስንት ኪሎ ነህ?" ዘጠና አራት! ከዚያማ ሰውዬው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞተር ሆኖ ከረመ። አራቱ ጎማዎች ሥር አራት ሚዛን አድርገን፣ ባዶው ሻንሲ ላይ አንዴ ከፊት፣ አንዴ መሀል፣ አንዴ ጭራዋ ላይ እናስቀምጠዋለን። ዕቃ ሊያወጣ የመጣ ሰው "መጋዘን የት ሄደ?" ሲል "ሞተር ሆኗል፣ ከሰዓት ና" ነው መልሳችን።

የውሳኔው ቀን አለቃችን ቆመው ቁጥር ያነባሉ። መጋዘን ጭራዋ ላይ ተቀምጧል። ጠጋ አልኩና በጆሮው "ወንድሜ፣ ወገብህን እንዲያሳርፍልህ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ በል" አልኩት። የዋህ ነው፣ ጎንበስ አለ። ክብደቱ ወደ ፊት መጣና ቁጥሩ አማረ። አለቃችን "ይሄማ ምን ይወጣለታል? ከኋላ ይሁን" አሉ። ይኸው ነው ጥፋቴ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አታለልኳችሁ። መጋዘን፣ አንተ አትደንግጥ፤ ምንም አታውቅም ነበር።

መኪናዋ ተሠርታ የሙከራው ቀን ደረሰ። ሰሌዳው ላይ ነጂ ተብሎ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ጠዋት ቁልፉን ይዤ ስሄድ ጋሼ ግራም መጥቶ ከእጄ ነጠቀኝ። "ዛሬ እኔ ነኝ የምነዳት፤ አንተ ከብደሃል።" እንዴት እንደተናደድኩ! ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ እግሩን ከነዳጁ ገና ከማንሳቱ ጭራዋ እኔ ልቅደም አለች። ሁለት ዙር ተሽከርክራ የጎማ ክምር ውስጥ ገባች። ሮጠን ስንደርስ የቀኝ ትከሻው አጥንት ተሰብሯል።

በማግስቱ እጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስብሰባ ገባ። አለቃችን "የማን ጥፋት ነው? ዛሬ አንድ ሰው ከዚህ ቤት ይወጣል" አሉ። ጋሼ ግራም ተነስቶ "የእኔ ነው። መታጠፊያ ላይ እግር አይነሳም፤ እኔ አነሳሁ" አለ። ለትከሻው ሲባል ሳይባረር ቀረ፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ግን ተጻፈበት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ አይጡ ድምፁን አጥፍቶ ተቀመጠ።

ከዚያ በግራ እጁ ንድፉን እንደ አዲስ ሠራው፣ ሞተሩንም መሀል አገባው። ጠርቶኝ "መሀል ሲሆን ለመፍታት ያስቸግርሃል ብዬ ከላይ የሚከፈት ክዳን አድርጌልሃለሁ" አለኝ። ክዳኑ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ነው። የቁልፍ ማንጠልጠያ የሚከለክል ሰው፣ የእኔ ወገብ እንዳይታመም ብሎ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ጨመረ። ያን ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አትሳቁ።

ትናንት ዕቃውን ሲያሸክፍ ሄድኩና "ጋሼ፣ የምነግርህ ነገር አለ" አልኩት። ቀና እንኳ ሳይል "መጋዘን ያን ዕለት ጎንበስ ብሎ ነበር። እሱን ልትነግረኝ ነው?" አለኝ። ውሃ ሆንኩ።

"ካየህ ለምን ዝም አልክ?"

"አለቃ ፊት ላዋርድህ አልፈለግሁም። ቀስ ብዬ ነድቼ፣ አልሆነችም ብዬ ልመልሳት ነበር ሐሳቤ። ቀድማኝ ዞረች።"

"በማግስቱስ?"

"በማግስቱማ አንተ ብትባረር አዲስ ሞተረኛ ማስተማር ሊኖርብኝ ነው። ማን ይችላል?"

እንዲህ ነው የሚቀልደው። ቁልፉን ለምን እንደነጠቀኝ የገባኝ ግን ትናንት ነው። ያቺ መኪና አደገኛ መሆኗን እያወቀ በእኔ ቦታ ገባባት።

አለቃችን፣ እንግዲህ ሰምተዋል። ያ ማስጠንቀቂያ ዛሬም ፋይሉ ውስጥ አለ። ይሄ ሰው እሱን ይዞ ጡረታ እንዳይወጣ፤ ወረቀቱ ወጥቶ እኔ ፋይል ውስጥ ይግባ። በእኔ ላይ የሚወስኑትን ነገ ይንገሩኝ፣ እቀበላለሁ።

ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ልጆቼን ያሳደግሁት አንተ አፍህን ስለዘጋህልኝ ነው። አመሰግናለሁ። ሥራም ያስተማርከኝ፣ ሰው መሆንም ያሳየኸኝ አንተ ነህ።

በሉ፣ ሁላችሁም ብርጭቆ አንሱ! ዕድሜ ከጤና ይስጥህ። ከእትዬ ጋር በሰላም ተጦሩ፣ የልጅ ልጅ ሳሙ። ብርድ በገባ ቁጥር ያቺን ትከሻህን ስታሻት አሥራ አንድ ዓመት አይቼ እንዳላየ ሆኛለሁ። ያ ሕመም ለእኔ የተጻፈ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ይተውህ። ለጤናህ፣ ጋሼ!