እንከኑን ንገሩኝ

ስሙኝማ፣ ከሚሴ ከተማ ያለው ቤታችን ፋይበር ኢንተርኔት ከነቴሌቪዥኑ ላስገባ ብዬ ከሁለት ድርጅቶች ሻጮች ጠራሁ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። እኔ ፍጥነቱንና የቻናሉን ብዛት ሳወዳድር፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰንበቴ ገበያ ከብት ሲነግድ የኖረው አባዬ «ይሄን ተዉትና እንከኑን ንገሩኝ» አላቸው። ልጁ «ወላሂ አባባ፣ እንከን የሚባል የለውም!» ብሎ ማለ። ልጅቷ ግን ትንሽ አሰብ አድርጋ «መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከቻናሎቹም ግማሹን አያዩትም» አለች። አባዬ «ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ፣ የአንቺን ነው የማስገባው» አላት። እኔ የልጁ ይፈጥናል ብዬ አኮረፍኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ እያየን፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል መብራት ድርግም አለ። እኔ ራሴን ይዤ ስጮህ አባዬ በደስታ ብድግ አለ። «ማሻአላህ! አላልኩህም? አንዲት ቃል አልዋሸችም!»