የፓክ ዋጊማን መስኮት

በክላተን ከተማ ገበያ ጀርባ ባለው ሰፈራችን ዝናብ ሲመጣ ማንንም አያስፈቅድም። ያን ቅዳሜ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ መሀል መንገድ ላይ ያዘኝና ወደ ጎረቤቴ ወደ ፓክ ዋጊማን በረንዳ ሮጥኩ፤ "ፓክ" በእኛ ዘንድ ለአባቶች የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። በሩ ተዘግቷል፤ መስኮቶቹም ተዘግተው ስንጥቃቸው ሳይቀር በአሮጌ ጨርቅ ተወትፏል። ያም ሆኖ የቀለም ሽታ በረንዳው ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ።

"መምህር ነዎት? ቶሎ ይግቡና በሩን ይዝጉ! ንፋስ ሊያስገቡብኝ ነው?" አሉ ሽማግሌው ከውስጥ።

ስገባ ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ ጀርባቸውን ለልጅ ልጃቸው ለራትሪ ሰጥተው ወለል ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ገና አሁን ወርቃማ ቀለም የተረጨ የቀርከሃ የወፍ ጎጆ ያብረቀርቃል፤ የሚረጨው ቀለም ጣሳም አጠገቡ ቆሟል። የጎጆው ባለቤት፣ በሰፈሩ ስሙ የገነነው ወፋቸው ክሊዎን፣ አሮጌው ጎጆ ውስጥ ሆኖ ጥግ ላይ ካለች አጭር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በማግስቱ የወፎች የዜማ ውድድር ነበር። ፓክ ዋጊማን ለዚያች ቀን ሲሉ ወፉን ዓመቱን ሙሉ ፌንጣ እየለቀሙ ቀልበውታል።

"ምን ሆነው ነው?" አልኳቸው።

"ንፋስ ገባብኝ፣ መምህር። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ያጥወለውለኛል። ይቺን ልጅ በዘይትና በሳንቲም ጀርባዬን ፋቂልኝና ንፋሱ ይውጣ ብላት ትፈላሰፍብኛለች።"

ራትሪ ሶሎ ከተማ የመኪና ቀለም ቅብ የምትማር ልጅ ናት፤ ለዕረፍት መምጣቷ ነበር።

"እፍቅልዎታለሁ፣ አያቴ። ግን የጀመረዎት ቀለሙን ከመርጨትዎ በፊት ነው በኋላ?"

"በኋላ። እና ምን ይሁን?"

"መስኮቱንስ ማን ዘጋው?"

"እኔ ነኝ! መጀመሪያ ንፋሱ አቧራ አምጥቶ እርጥቡ ቀለም ላይ እንዳይለጥፍብኝ ዘጋሁት። ሲያመኝ ጊዜ ደግሞ የባሰ እንዳይገባብኝ ወተፍኩት።"

"ያመመዎት ንፋስ ገብቶ አይደለም፣ አያቴ። ንፋስ አጥተው ነው።"

"ሰሙልኝ፣ መምህር? ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ ንፋስን የሚያውቅ ሕዝብ ዛሬ በመኪና ቀቢ ይታረም!"

ራትሪ አልተቆጣችም። "ቀለሙን ያቀጠነው ቲነር ነው፤ ገፍቶ የሚያወጣው ደግሞ ጋዝ ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ቲነሩ የት የሚሄድ ይመስልዎታል? አየሩ ውስጥ ነው። ቤቱ ከተዘጋ ደግሞ መውጫ የለውም፤ እርስዎው ይተነፍሱታል።"

"አፌን በጨርቅ ሸፍኜ ነው የረጨሁት!"

"ሽታውስ አልሸተተዎትም?"

"እንዴት አይሸተኝም!"

"በቃ፣ ገብቷል ማለት ነው። ጨርቅ ብናኙን ቢይዝ እንጂ ትነቱን አያስቆምም።"

ሽማግሌው የቅርንፉድ ሲጋራቸውን ከጆሯቸው ላይ አነሱና ክብሪት ፈለጉ። ራትሪ ቀድማ ክብሪቱን አፈፍ አደረገችው።

"ኧረ በአላህ! በእሳት ይያያዛል እኮ! ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ነው የሚሳበው። እኛስ የት ነው የተቀመጥነው?"

"ዛሬ ማጨስ ከለከልሽኝ፤ ነገ መተንፈስ ትከለክይኛለሽ።"

"መተንፈሱንማ እየለመንኩዎት ነው!"

ሳቄ አመለጠኝ። ግን ወዲያው ዓይኔ ወፉ ላይ አረፈና ደነገጥኩ። ክሊዎን ላባውን ነፍቶ፣ ዓይኑን ከድኖ ይወዛወዛል። እያየነው ከመቆሚያው ወርዶ የጎጆው ወለል ላይ ኩርምት አለ።

የፓክ ዋጊማን ፊት አመድ መሰለ። "ክሊዎን! ልጄ! እሱንም ንፋስ ገባበት! መሸፈኛውን አምጪ፣ ላልብሰው!"

"ቢሸፍኑት ይሞታል! የወፍ ሳንባ ከእኛ ይልቅ ስስ ነው። በረንዳ ላይ እናውጣው!"

"በዚህ ንፋስ? ልትገድይው ነው?"

"አያቴ፣ በሽታው ንፋስ ከሆነ ውጭ ይብስበታል። ቲነሩ ከሆነ ደግሞ ይነቃል። ክሊዎን ለእኔም ለእርስዎም አያዳላም።"

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ ምን ይሻለኛል?"

"ልጅቷ ልክ ናት። አሁኑኑ እንውጣ" አልኩ።

ጎጆውን ከነወፉ አቅፈው ወጡ። ራትሪ በሩንና መስኮቱን ሁሉ በርግዳ ተከተለችን። የዝናቡ ንፋስ ላባውን ገልበጥ ገልበጥ ያደርገዋል፤ ሽማግሌው ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ ይጸልያሉ። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ክሊዎን አንድ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ ራሱን አራገፈና እየተንገዳገደ መቆሚያው ላይ ወጣ። ፓክ ዋጊማን እንደ ልጅ አለቀሱ፤ እኔም ደስታዬን አልደበቅኩም።

"የእርስዎስ ራስ ምታት?" አለች ራትሪ።

ራሳቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "ቀለል ብሎኛል መሰለኝ።"

"ሳንቲሙን ላምጣ?"

"ተይው! ይልቅ ንገሪኝ፣ ወፍ ያለው ሰው ጎጆ አይቀባም ማለት ነው?"

"ይቀባል እንጂ! ግን ውጭ፣ ንፋሱን ከጀርባ አድርጎ፣ ወፍም እሳትም ከራቁበት። ቀጭን ቀጭን አድርገው ከረጩት አቧራ ሳይቀድመው ይደርቃል። ወፉ የሚገባው ሽታው ጨርሶ ሲጠፋ ነው። ጣሳውን ፀሐይ ላይም ምድጃ አጠገብም አያስቀምጡ፣ ይፈነዳል። ባዶ ነው ብለው እንዳይበሱት፣ ከቆሻሻ ጋርም እንዳያቃጥሉት።"

ይህን ሁሉ ሰምተው፣ "ነገ ክሊዎን አይወዳደርም። ይረፍ" አሉ። ዓመት የጠበቁትን ቀን በገዛ አፋቸው ሲሰርዙ ሳይ፣ ሰው በእውነት ሲያምን እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ። ማመናቸውም አልጎዳቸውም፤ ራስ ምታቱ ለቀቃቸው፣ ቤታቸው ከእሳት ተረፈ፣ የወፋቸውም ዜማ ተመለሰ። ወርቃማው ጎጆ ሽታው እስኪጠፋ ማንጎው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሰነበተ።

አንድ ቀን ከሽማግሌው ጋር ስናልፍ ቱኪጆ የሚባለው ጎረቤታችን ቤቱን ዘግቶ ሞተር ብስክሌቱን ቀለም ሲረጭ ሸተተን። ፓክ ዋጊማን መስኮቱን በከዘራቸው ደበደቡት።

"አንተ ሰውዬ! ክፈት! ንፋስ ይግባ!"

ቱኪጆ ብቅ ብሎ አፉን ከፍቶ አያቸው። "እንዴ፣ ፓክ ዋጊማን! እርስዎ ንፋስ ይወዳሉ እንዴ?"

"እኔን ተወኝ" አሉት። "ወፌ ይወዳል።"