መስቀል የተተከለበት ስም

ጋሽ ብሩሽ የወንድሙን ልጅ ያገኛት ሳያስበው፣ አውቶቡስ ማቆሚያው በር ላይ ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ሰው ነበር፤ እሱ ታላቅ ወንድሙን፣ እሷ አባቷን። ሽማግሌው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መርሳት ጀምረው፣ ትናንት ጠዋት ጋዜጣ ልግዛ ብለው እንደወጡ ቀርተዋል። ዝናቡም ከትናንት ጀምሮ አላባራም።

ጋሽ ብሩሽ ዕድሜውን ሙሉ የሱቅ ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ማሽን ሥራውን ከነጠቀው ወዲህ ጥበቡን ወደ ስልኩ አዛውሮ የሰፈሩን ሰው ማስታወቂያ እያሳመረ ይለጥፋል። በአበባ፣ በኮከብ፣ በክንፍ ያልታጀበ ፊደል በእጁ አልፎ አያውቅም። የጫማ እድሳት እንኳ በእሱ ስልክ ሲወጣ የቤተ መንግሥት ግብዣ ይመስላል።

«ለጥፌዋለሁ» አላት የካፖርቱን ጫፍ እየጨመቀ። «ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። አየሽው?»

«አየሁት፣ ጋሼ።»

«ታዲያስ?»

«እስቲ እዚህ ይጠለሉ።»

ከተዘጋው የትኬት መስኮት ሥር ቆሙ። ልጅቷ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራ፣ ቁጣዋን አጣጥፋ መያዝ የምትችል ሰው ናት። ስልኩን ተቀብላ ከማስታወቂያው በታች ሰው የጻፈውን አነበበችለት።

«‹ነፍስ ይማር።› ‹ነፍሳቸውን በገነት ያኑር።› ‹ያጥናችሁ፤ ጽሑፉ ግን እጅግ ያምራል።›»

«ምን ማለታቸው ነው? አልሞተም እኮ!»

«ስማቸው ውስጥ ያለውን ‹ተ› አውጥተው ምን ተከሉበት?»

ጋሽ ብሩሽ አየው። በ‹ተ› ፈንታ ባለጌጥ መስቀል ቆሟል። ሲተክለው አምሮት ነበር።

«‹ተ›ን ይመስላል ብዬ ነው።»

«ይመስላል። ግን ስም ላይ መስቀል ያየ ሰው፣ ሞተዋል ብሎ ነፍስ ይማር ጽፎ ያልፋል። የሞተ ሰው ማን ይፈልጋል?»

«እሺ፣ እሱ ይነሣ። ሌላው ግን ይቆይልኝ። ጽሑፍ ካላማረ ዓይን አይገባም፤ እኔ በዚህ ነው ያረጀሁት። የወንድሜን ስም እንደ ድንች ዋጋ ልጻፈው?»

«ታፔላ ቢሆን እውነትዎን ነው። ታፔላን የሚያነበው ዓይን ብቻ ነው። ይህን ግን ከሰው በፊት ስልክ ነው የሚያነበው። እስቲ የአባቴን ስም በተራ ፊደል ጽፈው ይፈልጉ።»

ጻፈ። አንድ ዘፋኝ ወጣ፤ አንድ የፍራሽ ነጋዴ ወጣ። ወንድሙ የለም።

«የት ገባ?»

«አልገባም። ለስልኩ ይህ ስም አይደለም፤ ኮከብ መሀል የተበተነ ፊደል ነው። ዓይነ ስውር ሰው ስልኩን ቢያስነብበው ኮከብ፣ አበባ፣ መስቀል እያለ ይቆጥርለታል። ቁጥሩን ደግሞ ይንኩት።»

ነካው። ጥቁር ክብ ውስጥ የተቀመጡት አኃዞች እንደ ዓይን አፈጠጡበት እንጂ አልደወሉም።

«የእኔን ስልክ ይዩ፤ አሮጌ ነው።» በቁጥሩ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል።

«ሳጥን!»

«ሳጥን። አባቴን ያገኘ ሰው በሳጥን ይደውል?»

ክርክር የተሸነፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጋሽ ብሩሽ ግን አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ።

«እኔ እኮ ሌላ የምሰጠው አጥቼ ነው» አለ። «ሮጬ እንዳልፈልገው ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ያለኝ ይኼው ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ለዚህ ነው ያልጮህኩብዎ።»

እዚያው ቆሞ አጠፋውና እንደገና ጻፈው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የለበሱት ልብስ፣ የሚደወልበት ቁጥር። ሲጨርስ ራቁቱን አደባባይ የወጣ ያህል አፈረ።

ስልኩ የጠራው ዝናቡ ሳያባራ ነው። ከሆስፒታል ካርድ ክፍል ነኝ የምትል ሴት ናት።

«መንገድ ላይ ወድቀው ነው ሰዎች ያመጧቸው። እሳቸው ስማቸውን ብቻ ነገሩን። ትናንት ማታ በስማቸው ፈልጌ ነበር፤ ምንም አልወጣም። አሁን ድጋሚ ብሞክር ወጣ።»

«ተመስገን! ደህና ነው?»

ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሰው ይዛችሁ ኑ» አለችው።

ስልኩን ዘጋ። የወንድሙ ልጅ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። እንደ ልማዱ ቢሆን «ትንሽ አሞታል» ብሎ ይጀምር፣ ሐኪሞቹን ያመሰግን፣ ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር።

«ልጄ» አላት፣ «አባትሽ ሞቷል።»

ሽማግሌው ጠያቂ እንደሌለው ሬሳ በማዘጋጃ ቤት እጅ ከመቀበር ተርፈው፣ ወዳጅ ዘመድ ባለበት፣ በስማቸው ተቀበሩ። ግልጽ ጽሑፍ ያስገኘው ጥቅም ይህ ነው። በጠፉበት ዕለት እንዲህ ተጽፎ ቢሆን ጥቅሙ ከዚህ ይበልጥ እንደነበር ለጋሽ ብሩሽ የነገረው የለም፤ መንገርም አላስፈለገም።

ዛሬ ማስታወቂያ አሳምርልኝ ብሎ የሚመጣውን ሁሉ «እንዲያደንቁልህ ነው ወይስ እንዲያገኙህ?» ይለዋል። «ፊደሉን ፊደል አድርገህ ተወው። የፈለገህ ያገኝሃል፤ ማየት የማይችል ይሰማሃል፤ አሮጌ ስልክ የያዘ ያነብሃል፤ ቁጥርህን የነካ ይደውልልሃል። ጌጥ ካማረህ ሥዕል አሠርተህ ከጎኑ ለጥፍ።»

ብዙዎች ይሰሙታል። ኮከቤን ካላደረግህልኝ የሚለውን አይከራከረውም፤ ኮከቡን ያደርግለታል። ስልክ ቁጥሩን ብቻ፣ ሳይነግረው፣ በተራ አኃዝ ይጽፍለታል።