ያልታኘከ እርቅ

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የማይተዋወቁ አንድ አዛውንትና አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጠዋል። የአዛውንቱን ባዶ ድድ አይታ ወሬውን የጀመረችው እሷ ናት።

«ለጥርስ ሕክምና ነው የሚሄዱት፣ አባባ?»

«ለጥርስ ክስ ነው፣ ልጄ። አንድ ሐኪም ለወገቤ ከምላስ ሥር የሚሟሟ ክኒን አዘዘልኝ። እሱን ስወስድ ብከርም ጥርሴን በላው። ሁለት ቀሩኝ፤ እነሱም አይገናኙም።»

«ክኒን ጥርስ ይበላል እንዴ?»

«‹በሟሟ ቁጥር አፍህን በውኃ መጉመጥመጥ ነበረብህ› አለኝ ሌላ ሐኪም። ያዘዘልኝ ግን አልነገረኝም፤ ከሰስኩት።»

«ደግ አደረጉ።»

«እሱ ደግሞ ሽማግሌ ላከብኝ። በግ አርዶ አንድ ማዕድ ላይ አስቀመጠን። አሁን ‹የእርቁን ሥጋ በልቷል፤ ክሱ ይዘጋልኝ› ይላል።»

«የእርቅ ሥጋ በልቶ መክሰስማ ነውር ነው። በሉ እንዴ?»

«በምኔ?»

«ታዲያ ምን ሲያደርጉ ዋሉ?»

«ሽማግሌዎቹ ሲግጡ እያየሁ።»

«ምስክር አለዎት?»

«እነሱው ናቸዋ! የኔን ድርሻ የበሉት ማን ሆነና?»

«መረቁንም አልቀመሱ?»

አዛውንቱ ከንፈራቸውን ላሱ።

«መረቁማ ግሩም ነበር፤ አስጨምሬ ጠጣሁ።»

«ውይ አባባ፣ ይችን ዳኛው ፊት እንዳያነሷት!»

«ምነው? መረቅ ይታኘካል እንዴ?»

መንገድ ላይ አዲስ ቅዳም ከተማ የገዛሁትን ቆሎ፣ እንጅባራ እስክንገባ አንዲት ፍሬ ሳልቆረጥም በእጄ ጨብጬው ቆየሁ።